ስምንት ሳንቲ ያጠረው ጎማ

ሞያሌ ደርሰን ጥቅሉን ስንፈታው እድፉ የሻይ መሰለን። በነጩ ጋቢ ጠርዝ ላይ ቡናማ መስመር ተሰምሯል። ሁለተኛውን ገለጥን፤ እሱም ላይ አለ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ከ6 ጋቢ 4ቱ፣ ከ14 ነጠላ 5ቱ ተበላሽተው አገኘናቸው። ዕቃው የእትዬ ነው። ናይሮቢ ላለ የአበሻ ሠርግ የታዘዘ፣ ሽሮ ሜዳ ጥለቱ ተመርጦ የተሸመነ፣ ቀብዱም ተቀብለው ለሸማኔው የከፈሉት። ሠርጉ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነበር።

እትዬ አልጮኹም። ጋቢውን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ሾፌራችንን ጠሩት።

«ዲላ ያደርን ሌሊት መስኮት ከፍተህ ነው የተኛኸው?»

«አልከፈትኩም እትዬ። ዘግቼ ነው የተኛሁት።»

«ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም፤ ግን የተጠየቅነው እኛ አልነበርንም። ዲላ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል። እኛ አልጋ ይዘን ስናድር እሱ ዕቃ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ አድሯል። በተዘጋ መኪና ውስጥ የተኛ ሰው ይሞቀዋል፤ የሞቀው ሰው መስኮት ይከፍታል። ነገሩ እንዲህ ተሰልቶ አለቀ። ከጉዞ ክፍያው 3,000 ብር ቆረጥንበት። የበደሉን ያህል እንኳ አላስከፈልነውም ብለን፣ እንደ ደግ ሰው ተሰምቶን ነበር።

የምንጽፈው ስለ መስኮት ጎማ ነው። ከጋቢው የጀመርነው ግን፣ ይህን ብታውቁ ነው ስለ አንድ ጎማ ለምን ይህን ያህል እንደምናወራ የሚገባችሁ።

መኪናችን ቅጥቅጥ ነው። ኬንያ ላላችሁ አንባቢዎች፦ በአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ፣ አገር ቤት ባለ ጋራዥ ላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራ አውቶቡስ ማለት ነው። የእናንተም ብዙው ማታቱ የሚሠራው እንደዚያው ነውና ዘመዳሞች ናቸው። ለአራት ሆነን በእቁብ ብር ገዛነው። ከኋላ ያሉትን ወንበሮች ነቅለን በአንድ በኩል ፍራሽ አነጠፍን፤ በሌላ በኩል የውሃ ጄሪካን፣ ማንደጃ፣ ረከቦትና የእህል ሣጥን አስገባን። ዕቃ እስኪያልፍ ሞያሌ ላይ ሦስት አራት ቀን መቀመጥ የተለመደ ነው። የአልጋ ኪራይ ደግሞ ትርፉን ይበላል። ስለዚህ መኪናው መጋዘናችንም ቤታችንም ነው። ፈረንጆች እንዲህ ያለ መኪና ለሽርሽር እንደሚያሠሩ ሰምተናል። እነሱ ደስ ብሏቸው የሚተኙበትን እኛ ብር ለማዳን እንተኛበታለን፤ የመስኮቱ ጎማ ግን ለሁለታችንም እኩል ያጥራል።

በሁለቱ ጎን 10 መስኮት አለው። እያንዳንዱ መስታወት በላሜራው ክፍት ላይ የተያዘው በጥቁር ጎማ ነው። ጎማው ግራና ቀኝ ከንፈር አለው፤ በአንዱ መስታወቱን፣ በሌላው ላሜራውን ይነክሳል። ፊቱ ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ቦይ አለ፤ በዚያ ቦይ ውስጥ ቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ይገባል። እኛ በቀላሉ «ገመዱ» እንለዋለን። ለጌጥ የገባ ይመስላል፤ አይደለም። ሥራው ጎማውን ከመሃል ወጥሮ ሁለቱ ከንፈሮች አጥብቀው እንዲነክሱ ማድረግ ነው። ገመዱ የሌለበት ጎማ መስታወቱን ደግፎ ያቆመዋል እንጂ ውሃ አያቆምም።

ገመዱ ማጠሩን ከጋቢው በፊት እናውቅ ነበር፤ ማየትን ማወቅ ካልነው። ጫፍና ጫፉ ድሮ ይገናኙበት በነበረው ቦታ፣ በመስኮቱ የላይኛው ማዕዘን፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። አንዳችን ሲሊኮን ገዝቶ ሞላው። በሚቀጥለው ጉዞ ሲሊኮኑ እንደ ማስቲካ ተላቆ ተንጠለጠለ። ሌላው በላዩ ላይ ሌላ ሲሊኮን ጨመረበት። ሦስተኛው ደግሞ ከታች በኩል ነው የሚያፈሰው ብሎ የታችኛውን ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ለጠፈው። ሁለት ክረምት እንዲህ ሄድን። አንድ ተጨማሪ ነገርም ነበር፤ ለመናገር ያሳፍራል። እያንዳንዳችን ዕቃ የምናስቀምጥበት ቦታ የታወቀ ስለሆነ፣ መስኮቱም የየራሳችን የሆነ ያህል ነበር። መኪናው የጋራ፣ መስኮቱ የግል። «የኔ ደህና ነው» እየተባለ የሁሉም ተበላሸ።

ስለ ሠርጉ ሳንናገር አንለፍ። እትዬ ሌሊቱን በሎሚና በጨው ሲያሹ አድረው ከነጠላዎቹ 3ቱን አዳኑ። ጋቢው ወፍራም ነው፤ ዝገት አንዴ ከጠጣ አይለቅም። ኢስሊ ደርሰው የጎደለውን በችርቻሮ ዋጋ ገዝተው ሞሉና ለሙሽራዋ ቤተሰብ በቀኑ አስረከቡ። ትርፍ ቀርቶ ከኪሳቸው ጨምረዋል። የሠርጉ ሰዎች እስካሁን ምንም አያውቁም።

ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ስንወርድ፣ ይርጋ ጨፌን አልፈን ወደ ቡሌ ሆራ ስንሄድ ዝናቡ ያዘን። ያን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጠጣሪውም ቡናውም የሚጠግብበት ዝናብ ነው። ብርድ ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። አንዳችን ከኋላ ፍራሹ ላይ ተኝቶ ሳለ ግንባሩ ላይ ጠብ አለበት። ጄሪካን የፈሰሰ መስሎት ተነሣ። ሲያይ ውሃው የሚመጣው ከመስታወቱ አይደለም፤ ከመስኮቱ በታች፣ የግድግዳው ልባስ ከተጋጠመበት ስንጥቅ ነው። ቀለሙ ቡናማ ነው።

ሁላችንም ዞር አልን። ቦታው ያኔ የእትዬ ጥቅል የነበረበት ነው።

እትዬ ተነሥተው የነጠላቸውን ጫፍ አስነኩት፤ አዩት። ማንም ምንም አላለም። የዝናብ መጥረጊያው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶናል፤ እሱም ምንም አላለም፤ መንገዱ የሚያንሸራትት ስለነበር ዓይኑን ወደ ፊት መለሰ።

ቡሌ ሆራ ለምሳ ስንወርድ እትዬ ከእሱ አጠገብ ተቀመጡ። «ልጄ፣ መስኮቱን ዘግተህ ነበር» አሉት። «አዎ እትዬ» አለ። የቆረጥንበትን 3,000 ብር እዚያው ጠረጴዛ ላይ አዋጥተን ሰጠነው። ቆጥሮ ኪሱ ከተተው። ይቅርታ ስንለው «ችግር የለም» አለ። አንድ ሰው እንደዚያ አድርጎ «ችግር የለም» ሲል ችግር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ምሳውን ጨርሶ በላና ቀድሞን ወጥቶ ጎማ መነካካት ጀመረ፤ የመንገዱን ጎማ ሳይሆን የመስኮቱን።

ሞያሌ ስንገባ ቀጥ ብለን ሰው ፈለግን። አንድ የምናውቀው ሻይ ሻጭ ከወዲያ ማዶ፣ ከኬንያው ሞያሌ፣ የማታቱ መስኮት የሚሠራ ፉንዲ አለ አለን። በእግሩ ተሻግሮ መጣ። ቦረና ስለሆነ ከሾፌራችን ጋር በኦሮምኛ ተግባቡ፤ ከእኛ ጋር ደግሞ በተሰባበረ ስዋሂሊ። በነገራችን ላይ እዚያ ማዶ እንዲህ ሜዳ ላይ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎችን ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፤ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት ነው። የእኛን ጎማ የገደለውም እሱው ነበር።

ፉንዲው መጀመሪያ ያዘዘን ውሃ እንድናመጣ ነው። ሞያሌ ላይ ውሃ በጄሪካን እየተገዛ እንደሚጠጣ የምታውቁ፣ ሦስት ጄሪካን ውሃ መስኮት ላይ ለማፍሰስ መግዛት ምን እንደሚመስል ገምቱት። ያለፈ ያገደመው ቆሞ አይቶናል። ግን ሥራው አስፈላጊ ነበር፣ አደራረጉንም ብታውቁት ይጠቅማችኋል። አንድ ሰው ደረቅ ጋዜጣ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል። ውጭ ያለው ውሃውን የሚያፈሰው ከታችኛው ጠርዝ ጀምሮ ነው፤ እዚያ ትንሽ ቆይቶ ወደ ጎኖቹ፣ በመጨረሻ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይወጣል። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብ በየት እንደገባ ለማወቅ አትችሉም። ከታች ስናፈስ ምንም አልመጣም። በጎኖቹም አልመጣም። የፊተኛው መስኮት የላይኛው ማዕዘን ላይ፣ ያ ጣት የሚያስገባው ክፍተት ላይ ሲደርስ ጋዜጣው ረጠበ፤ ያውም ከሁለት መስኮት በኋላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው በማዕዘኑ ገብቶ በጎማውና በላሜራው መካከል ይወርዳል፣ ከላሜራው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዝገት እያጠበ ዝቅ ባለበት ይወጣል። ውሃ የታየበት ቦታ የገባበት አይደለም። የእትዬን ዕቃ ያበላሸው ከዕቃቸው በላይ ያለው መስኮት ሳይሆን፣ ከመካከላችን ለሁለት ክረምት «የኔ ደህና ነው» ሲል የኖረው ሰው መስኮት ነው። ያ ሰው አሁን ይህን ከሚጽፉት አንዱ ነው።

ከታች የለጠፍነው ሲሊኮንም ጥፋት ነበር። ውሃ ከላይ እስከ ገባ ድረስ በታች መውጫ ያስፈልገዋል፤ እኛ መውጫውን ዘግተን ውስጥ እንዲከርም አደረግነው። ደግሞ ያ ሲሊኮን ሲወጣ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ዓይነት ነበር። ያ ሽታ የአሲድ ነው፤ ቀለሙ በተላጠ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ዝገቱን ያፋጥናል። ፉንዲው ሲሊኮኑን በምላጭ ሲልጥ በጣም የተበላው ላሜራ የተገኘው እኛ በጣም የለጠፍንበት ቦታ ላይ ነው። ከዚህም ሌላ የሲሊኮን ቅሪት ያለበት ቦታ ቀለም አይዝም፤ ሌላ ማጣበቂያም አይዝም። እሱን መፋቅ ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀ።

ገመዱን ከአንዱ መስኮት ሳይቆረጥ አውጥተን ለካነው። ቦዩ ዙሪያው 3.60 ሜትር ነው፤ ገመዱ 3.52። ስምንት ሳንቲ ሜትር ጎድሏል። የት ሄደ? ፕላስቲኩን የሚያለሰልስ ዘይት መሰል ነገር ሲሠራ ይጨመርበታል። ፀሐይና ሙቀት ይህን ነገር በዓመታት ውስጥ ያወጡታል፤ የቀረው ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ያጥራል። የእኛ መኪና ዛሬ ጌዴኦ ደጋ ላይ በዝናብ ትቀዘቅዛለች፣ ነገ ሜጋ ሜዳ ላይ ትጋገራለች፣ ከዚያ አራት ቀን ሞያሌ ላይ በፀሐይ ትቆማለች። ይህ ግማሹ ምክንያት ነው። ሌላው ግማሽ ከሠሪው ነው፤ ገመዱ መጀመሪያ ሲገባ ተስቦ ከነበረ በቀኑ በልክ የገባ ይመስላል፤ ከወራት በኋላ ወደ ራሱ ቁመት ይመለሳል።

የጥቁሩ ጎማ ጥፋት ደግሞ የራሳችን ነው። መኪናው ሲታጠብ ጎማው እንዲያብረቀርቅ በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ እናስወለውል ነበር። ለአጣቢው ልጅ ጉርሻ ሰጥተን ነው ያስደረግነው። ይህ ዓይነት ጎማ ዝናብና ፀሐይ ይችላል፤ ዘይትና ናፍጣ ግን አይችልም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርፁ ይጠፋል። ቫዝሊንም ያው የነዳጅ ልጅ ነው። ማለስለስ ከፈለጋችሁ ሴቶቹ ለቆዳ የሚገዙት ግሊሰሪን ይሻላል። ፉንዲው ጎማዎቹን አንድ በአንድ አጥፎ አያቸው። አምስቱ ሲታጠፉ ተሰነጠቁ፤ የቀሩት አምስቱ ገና ነፍስ ነበራቸው፣ ገመድ ብቻ ነው የሚያስፈልጋቸው።

በዚያው ሁለታችን ዕቃ ይዘን ወደ ናይሮቢ መሄዳችን ስለነበር ግዢው ለእኛ ተሰጠ። ፉንዲው ከአሮጌው ጎማና ከገመዱ ጣት የሚያህል ቆርጦ በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠን። «ስሙን አትንገሩት፣ ይህን አሳዩት» አለ። እውነቱን ነው። በአማርኛ አንድ ስም፣ በስዋሂሊ ሌላ፣ በየሱቁ ደግሞ የየራሱ ነው፤ የተቆረጠው ጫፍ ቅርፅ ግን በሁሉም አገር አንድ ነው። ሁለት ቁጥርም አስያዘን፦ የመስታወቱን ውፍረትና የላሜራውን ውፍረት። የጎማው ሁለት አፎች ስፋት በእነዚህ ይወሰናል።

የሄድነው ኪሪኒያጋ መንገድ ነው፤ ሰው አሁንም ግሮጋን የሚለው፣ የመኪና ዕቃ ሰፈር። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም፤ ድምፁም ቅባቱም «ምን ልስጥህ» ባዩም ያው ነው። የመጀመሪያው ሱቅ ከኮስተር የወጣ፣ ማዕዘኑ ተቀርፆ የተሠራ ያገለገለ ጎማ ሊሸጥልን ሞከረ። ለእኛ ቅጥቅጥ አይሆንም። ኮስተር ላላችሁ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኬንያ መኪና የመሳፈሪያ በሩ በግራ ነው፣ የእኛ በቀኝ። በበሩ በኩል ያለው የመስኮት አደራደር ስለሚገለበጥ፣ በቅርፅ የተሠራውን ጎማ ሳትለኩ እንዳትገዙ። በሜትር የሚሸጠው ግን ግራና ቀኝ አያውቅም።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ቁራጫችንን ያየው ሽማግሌ ምንም ሳይጠይቅ ከጀርባ ጥቅል አወጣ። ናይሮቢም ያሉ ጋራዦች አይሱዙ ላይ ስለሚቀጠቅጡ ቅርፁ አንድ ሆነ። ሱቁ በር ላይ የተሰቀለ ረከስ ያለ ጥቅልም ነበረ። ከመካከላችን ዋጋ ወዳዱ ወደዚያ ሲያይ ሽማግሌው ራሱ የሁለቱን ጫፍ ወስዶ በጣቱ አጥብቆ አጠፈልን። በር ላይ የነበረው ገመድ የታጠፈበት ላይ ነጣ፤ ከጀርባ የመጣው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ገና ሳይሸጥ ፀሐይ የበላው መሆኑ ነው። 40 ሜትር ገመድ፣ 20 ሜትር ጎማ ገዛን። የሁለቱ ዋጋ ተደምሮ እትዬ በዚያ ሠርግ ከከሰሩት ያነሰ ነበር። ይህን ሂሳብ ናይሮቢ አውቶቡስ ላይ ሠርተን ለቀሩት ላለመንገር ተስማማን፤ በኋላ እትዬ ራሳቸው ደረሰኙን አይተው ሠሩት።

ኬላው ላይ ጥቅሉን ደረሰኙን ይዘን አስመዘገብንና የሚከፈለውን ከፍለን አለፍን። ፈታሹ ጥቅልል ጥቁር ነገር ከሻንጣ ሲወጣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ እባብ መስሎት ነው። ከዚያ ሳቀ፣ እኛም ሳቅን።

ሥራው ሦስት ቀን ወሰደ፤ ሁለቱ ቀን የዝገት ነው። መስታወቶቹ ሲወርዱ ከጎማው ሥር የላሜራው ከንፈር በሁለት መስኮት ላይ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ከእኛው ወገን ባትላሜራ ጠርተን አዲስ ላሜራ ቆርጦ በየዳ። የቀረውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፈትገው አንቲረስት ቀቡትና እንዲደርቅ አሳደሩት። እኛ መቸኮል አምሮን ነበር፤ ዕቃ ይጠብቃል፣ ደንበኛ ይደውላል። ፉንዲው እርጥብ ቀለም ላይ ጎማ ካስገባችሁ በሚመጣው ዓመት እንደገና ትጠሩኛላችሁ፣ ለእኔ ጥሩ ነው አለ። ዝም አልን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዲሱን ገመድ ከጥቅሉ ፈትቶ ፀሐይ ላይ ዘረጋው። እስኪሞቅና ከጥቅልሉ እስኪላቀቅ ድረስ ሻይ ጠጣን። ጎማውን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አለበሰው። ከዚያ በላሜራው በኩል ባለው አፍ ውስጥ ዙሪያውን ሲባጎ አስገባ፣ ሁለቱን ጫፍ ወደ መኪናው ውስጥ አሳለፈ። አንዱ ከውጭ መስታወቱን በመዳፉ ሲጫን እሱ ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ሳበ፤ የጎማው ከንፈር በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ቦታውን ያዘ። ማለስለሻው የሳሙና ውሃ ብቻ ነው። ዘይት ይዘን ብቅ ያልነው እኛ ነበርን፤ በዓይኑ መለሰን።

ገመዱን የማስገባቱን ሥራ ለሾፌራችን አስተማረው። የጎማውን ቦይ ከፍቶ ገመዱን የሚያስገባ ልዩ መሣሪያ አለ፤ እነሱ ግን ወፍራም ሽቦ አጥፈው ካቻቢቴ እጀታ ላይ አስረው ሠሩት። ለ3.60 ሜትር ዙሪያ 3.70 ቆረጡ። ጅማሬው ማዕዘን ላይ አይደለም፤ ቀጥ ባለው ጠርዝ መሃል ላይ ነው፤ ምክንያቱም ማዕዘን ላይ የተጋጠመ ጫፍ ቀድሞ ይከፈታል። ልጁ ገመዱ እንዲገባለት ሳብ ባደረገ ቁጥር ፉንዲው እጁን መታ ያደርገዋል፦ «ሱኩማ! ኡሲቩቴ!» ግፋ፣ አትሳብ ማለት ነው። ሱኩማን እኛ የምናውቀው እንደ ጎመን ነበር፤ ናይሮቢ ምግብ ቤት ስንቀመጥ የምናዝዘው። «ጎመን፣ ጎመን» እያልን ስንስቅ ሾፌራችንም ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮን ሳቀ። ትርፉን አሥር ሳንቲ እየገፋ ቦዩ ውስጥ አጠገበው። የመጨረሻውን መጋጠሚያ ግን በዚያ ቀን አልቆረጡም። ጫፉን ትንሽ አስርፈው ሌሊቱን እንዲረጋ ተዉት፤ በማግሥቱ ጠዋት በልኩ ቆርጠው በሱፐር ግሉ አገናኙት።

ያ ትምህርት ለፉንዲውም ለእኛም አልጠቀመም ማለት ይቻላል፤ የጠቀመው ለልጁ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞያሌ ላይ ዕቃ ስንጠብቅ እሱ የሌሎችን ቅጥቅጥ ገመድ ይቀይራል። ከእኛ የጉዞ ክፍያ የሚበልጥ ያገኘበት ሳምንት አለ። ትቶን እንዳይሄድ እንሰጋለን። አልነገርነውም፤ እሱም ሳያውቀው አይቀርም።

የኋላው ትልቁ መስታወት አልተነካም። ጎማው ገና ደህና ነው፣ ግን ገመዱ ላይኛው በኩል መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ከመስከረም በፊት እንቀይረዋለን ብለናል። የተረፈው ሦስት ሜትር ገመድ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ ከፀሐይ ተከልሎ ተሰቅሏል።

አሁን አዲስ አበባ ላይ ዕቃ ከመጫናችን በፊት ሾፌራችን አንድ ጄሪካን ውሃ ሞልቶ ይመጣል። «አንድ ሰው ውስጥ ይግባልኝ» ይላል፤ ማን እንደሚገባ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው። እትዬ ጋዜጣቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ያ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። እሱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያፈሳል፣ ሳይቸኩል፣ ጄሪካኑ እስኪያልቅ። ሲያበቃ እትዬ ደረቁን ጋዜጣ በመስታወቱ ላይ ለጥፈው ያሳዩታል። እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው መስኮት ያልፋል።